በሺህ ኩንታል አንድ ግራም

የመርካቶ በርበሬ በረንዳ ነጋዴ ዛላውን ሰብሮ፣ አሽትቶ፣ ቀለሙን አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። ያን ዓይንና አፍንጫ አከብራለሁ። የፀረ ተባይ ቅሪት ግን ከሁለቱም ያመልጣል፤ ስለዚህ ምስጋናዬ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች ነው።

የተፈጨውን ናሙና በአሴቶናይትራይል ይበጠብጣሉ፣ ጨው ጨምረው በኃይል ይንጣሉ፣ በሴንትሪፉጅ ያሽከረክራሉ። በርበሬ ደግሞ አስቸጋሪ ነው! ቀዩ ቀለም ከቅሪቱ ጋር አብሮ ወጥቶ መሣሪያውን ስለሚያውክ አስቀድሞ መጽዳት አለበት። እንዲህ ያለው ትዕግሥት ይገርመኛል።

ጃፓን የተለየ ገደብ ላላወጣችለት ኬሚካል የምትፈቅደው በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ በሺህ ኩንታል አንድ ግራም ማለት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከገደብ ያለፈ ቅሪት ስታገኝ ግዢው አሽቆለቆለ። ስለ ቅሪቱ ምንጭ የነበረው ጥርጣሬ ግን ከማሳው ይልቅ ቡናው የተሞላበት ጆንያ ላይ አረፈ። ምርመራው ባይኖር ማን ይህን ይጠረጥር ነበር?

በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የጅማ ዞን ጥናት ደግሞ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ቡናና በርበሬ መርምሮ ዲዲቲን ጨምሮ የተለያዩ ቅሪቶችን አገኘ። ይኸኛው ለውጭ ገዢ ሳይሆን ለገዛ ገበታችን የተደረገ ምርመራ ነው፤ እኔም አብልጬ የማደንቀው እሱን ነው።