የሊኑክስ የትምህርት ሶፍትዌር በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ፦ “ይሠራል” የሚባለው ለማን ነው?

አንድ የትምህርት መሣሪያ ሲመረጥ በቅድሚያ የሚቀርበው ጥያቄ “ይሠራልን?” የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ሆኖ ሳለ መልሱ የሚገኝበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ አይመረመርም። ለሊኑክስ ብቻ የተዘጋጁ፣ ተጠቃሚው ግን በብራውዘር የሚከፍታቸው ሶፍትዌሮች በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ሲተከሉ የሚታየው ሁኔታ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

ከእነዚህ መካከል ኦፕን ኢድኤክስን መውሰድ ይቻላል። ኢድኤክስ እ.ኤ.አ. በ2012 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተመሠረተ ሲሆን፣ የሶፍትዌሩ ምንጭ ኮድ በ2013 ለማንኛውም ተጠቃሚ ክፍት ሆኗል። ኮርስ ለማዘጋጀት፣ ፈተና ለመስጠትና ውጤት ለመመዝገብ ያገለግላል። ተማሪው ገጹን የሚከፍትበት ኮምፒዩተር ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ቢኖረው ለውጥ አያመጣም። ገጹን የሚያቀርበው ሰርቨር ግን ለሊኑክስ የተሠራ ነው፤ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒዩተር ደግሞ ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ ነው።

ይህን ልዩነት ለማስታረቅ የቆየው ዘዴ እንደ ቨርቹዋልቦክስ ባለ ፕሮግራም አማካይነት በዊንዶውስ ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ፈጥሮ ኡቡንቱን በዚያ ላይ መጫን ነው። ዘዴው ከባድ ቢሆንም አታላይ አይደለም፤ በመስኮቱ ውስጥ ሁለተኛ ኮምፒዩተር እንዳለ ተጠቃሚው በዓይኑ ያያልና። ዛሬ ይበልጥ የሚመከረው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ያስተዋወቀው፣ በአኅጽሮት ደብልዩ ኤስ ኤል የሚባለው ንዑስ ሥርዓት ነው። የመጀመሪያው እትም የሊኑክስን ጥሪዎች ወደ ዊንዶውስ ቋንቋ የሚመልስ አስተርጓሚ ነበር። በ2019 የተዋወቀው ሁለተኛው እትም ግን ማስተርጎሙን ትቶ እውነተኛውን የሊኑክስ ከርነል በቀላል ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያስኬዳል። አንድ ትእዛዝ ጽፎ ኮምፒዩተሩን ዳግም ማስነሣት ኡቡንቱን ለማግኘት ይበቃል። ዶከር ሲጨመርበት፣ ቱተር በተባለው የመትከያ መሣሪያ አማካይነት ኦፕን ኢድኤክስን ማቆም ለትጉህ መምህር የሚያዳግት ሥራ አይደለም።

እንግዲህ ቅሬታው የሚጀምረው ከዚህ ቅለት ላይ ነው። መምህሩ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ብራውዘሩን ይከፍታል፤ ገጹ ይመጣል፤ ለዲኑ “ይሠራል” ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። በማግሥቱ በኮምፒዩተር ክፍል የተቀመጡት ሠልጣኞች ያንኑ አድራሻ ሲጽፉ የሚያገኙት ባዶ ገጽ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በደብልዩ ኤስ ኤል የሚኖረው ሊኑክስ በተለመደው አሠራሩ በጓሮ እንደ ተሠራ ቤት ነው፤ በሩ ወደ ግቢው እንጂ ወደ መንገዱ አይከፈትም። ከውጭ የሚመጣ እንዲገባ ከተፈለገ በዊንዶውስ በኩል የማሳለፊያ መስመር መዘርጋትና ፋየርዎሉን መክፈት ያስፈልጋል። ይህም ተደርጎ የውስጡ አድራሻ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ሊለወጥ ስለሚችል፣ ትናንት የተዘረጋው መስመር ዛሬ የትም ላያደርስ ይችላል። በዊንዶውስ 11 የኋለኛ እትሞች የዊንዶውሱን ኔትወርክ እንዳለ ለሊኑክሱ የሚያጋራ አሠራር ገብቶ ችግሩ ቀሏል፤ የፋየርዎሉ ጉዳይ ግን አሁንም ይቀራል።

የሜሞሪው ሒሳብም ሊታሰብበት ይገባል። ቱተር ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ይጠይቃል፤ የሚመከረው 8 ጊጋባይት ነው። ደብልዩ ኤስ ኤል በራሱ ውሳኔ ከኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ከግማሽ በላይ አይወስድም። ስለዚህ 8 ጊጋባይት ያለው የቢሮ ኮምፒዩተር የሚያቀርበው ዝቅተኛውን መጠን ብቻ ነው፤ የቀረውን ዊንዶውስ ይዞታል።

ከዚህም በላይ የቢሮ ኮምፒዩተር ይተኛል፤ ለማሻሻያ ሲል ራሱን ያጠፋል፤ ሲነሣም ሰው ገብቶ እስኪከፍተው ድረስ፣ በተለይ ካልተዘጋጀ በቀር፣ ሊኑክሱ አብሮት አይነሣም። (የአተካከል መመሪያ የሚጽፉት ሁሉ መብራት በማይጠፋበት ሰፈር የሚኖሩ ይመስላል።) ሠልጣኞች በፈተና ላይ ሳሉ እንዲህ ያለው ነገር ቢደርስ ጉዳቱ የመሣሪያ ብልሽት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ከሁሉ የከፋው ግን የውጤቱ መዝገብ የሚቀመጥበት ሁኔታ ነው። የሊኑክሱ ይዘት በሙሉ በዊንዶውስ በኩል ሲታይ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ተሰውሮ የሚገኝ ትልቅ የዲስክ ፋይል ነው። ሰነዶቹን በየሳምንቱ በፍላሽ የሚገለብጥ ጠንቃቃ መምህር ይህን ፋይል አይገለብጥም፤ መኖሩንም አያውቅም። በአንጻሩ ኡቡንቱን ከመዝገብ የሚሰርዘው ትእዛዝ ማረጋገጫ ሳይጠይቅ የውስጡን ሁሉ ያጠፋል። ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ በቅን ልቡና የተጻፈ አንድ መስመር የአንድ ሴሚስተር ውጤት ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ይህ ሲባል ደብልዩ ኤስ ኤል ለትምህርት አይበጅም ማለት አይደለም። ኮርስ ለሚያዘጋጅ መምህር፣ የሊኑክስን ትእዛዛት ለሚለማመድ ሠልጣኝ፣ ሶፍትዌሩን ከመግዛትና ከመወሰን በፊት ለሚመረምር ኮሚቴ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ዘዴ ማግኘት ያስቸግራል። ስሕተቱ ለሙከራ የተተከለው ሳይታወቅ ወደ አገልግሎት መሸጋገሩ ነው፤ መሸጋገሩም በማንም ውሳኔ ሳይሆን በልማድ ይሆናል። በመሆኑም “ይሠራል” የሚለው ሪፖርት ከመጻፉ በፊት ገጹ ከሌላ ኮምፒዩተር መከፈቱ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ ያለ ማንም እርዳታ መመለሱ፣ መጠባበቂያ ቅጂውም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተመልሶ መነበቡ ሊታይ ይገባል።

ዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ሌላ አማራጭ በእጃቸው አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ወደ ዊንዶውስ 11 ማደግ የማይችሉ ኮምፒዩተሮች በየዕቃ ቤቱ ከመከማቸታቸው በፊት፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አንዱ ተመርጦ ኡቡንቱ በቀጥታ ሊጫንበት ይችላል። ያን ጊዜ የጓሮው ቤት ጉዳይ አይነሣም፤ ሜሞሪውም አይከፈልም። የይለፍ ቃሉን ከአንድ መምህር ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው እንዲያውቀው መደረግ አለበት፤ መምህራን ይዛወራሉና።