መጀመሪያ ዕጣውን አሳዩኝ

አንዲት አዲስ ሬዚደንት የስፔኑን የኮርዶባ ጥናት አትማ እየሮጠች መጣች። «ዶክተር፣ ካልሲፌዲዮል የሚባለውን የቫይታሚን ዲ ዓይነት ከወሰዱት 50 የኮቪድ ሕሙማን ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገባው 1 ብቻ ነው። ካልወሰዱት 26 ግን 13! ይህን እያዩ እንዴት አያዝዙም?»

እኔ ጥናት ማንበብ የምጀምረው መድኃኒቱን የሚወስደውንና የማይወስደውን ከሚለየው ዕጣ ነው፤ ውጤቱ ይደርሳል። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ዕቁብ ላይ ወረቀቱ ተጠቅልሎ ሲናወጥ ዓይኑን የሚነቅል አለ? ዳኛው አጮልቆ ቢያይ እኮ ዕቁቡ በዚያው ይፈርሳል። ኮርዶባ ላይ ዕጣ ወጥቷል፤ ሰዉ ጥቂት ስለሆነ ግን አዳላ። ደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው መድኃኒቱን ባልወሰዱት በኩል በዙ። ማስመሰያ ክኒንም አልነበረም። ሳኦ ፓውሎ ላይ 240 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ 200,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በአንድ ጊዜ፣ ግማሾቹ ማስመሰያ ጠጡ። ሆስፒታል የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ በሁለቱም ወገን 7 ቀን ሆነ።

«አንዴ ብቻ፣ ያውም ከታመሙ በኋላ!» አለችኝ። ይህስ እውነቷን ነው።

ወደ ራሳችን ቤት ወሰድኳት። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ፣ ካልያዛቸው 500 ደግሞ 20ዎቹ ሪኬትስ፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ፣ እንዳለባቸው አገኘ። ኢንተርን ሳለሁ እንዲህ ያለ ልጅ አቅፌ አውቃለሁ፤ አንጓው አብጦ፣ በተነፈሰ ቁጥር ለስላሳ ጎድኑ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ያን ያየ ሰው ቫይታሚን ዲን ሳያመልክ አይቀርም፤ እኔም ብዙ ዓመት አምልኬአለሁ። ግን ለዚያ ልጅ ዕጣ ማን አወጣለት? ፀሐይ የነሣው ጨለማ ቤት ጢሱንም፣ ረሃቡንም አብሮ ሰጥቶታል። ካቡል ላይ ከ3,000 በላይ ሕፃናት በዕጣ ተከፍለው በየሦስት ወሩ 100,000 ዩኒት ወይም ማስመሰያ ሲሰጣቸው፣ ቫይታሚኑ የመጀመሪያውን የሳንባ ምች አልቀነሰም። ያንን ጽሑፍ ያነበብኩ ለት ምሳ አልበላሁም።

ሕፃኑን ጠዋት ፀሐይ ማሞቃችሁን ግን እንዳትተዉ፤ ሪኬትስ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ሬዚደንቷ ልትወጣ ስትል ዞር ብላ «እናትዎ ኮቪድ ሲይዛቸው ምን ሰጧቸው?» አለችኝ። ቫይታሚን ዲ ገዝቼ ሰጥቻቸዋለሁ። ዳኑ። ምንም ያልወሰዱት ጎረቤታቸውም ዳኑ።