ስንኝ ሲረክስ

እ.ኤ.አ. በ2024 «ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ» በተሰኘው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ግጥም የሚጽፍን ሁሉ ሊያሳስብ ይገባል። ሁለት የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቾሰርና ከሼክስፒር ጀምሮ የአሥር የእንግሊዝኛ ገጣሚያንን ሥራዎች፣ ቻትጂፒቲ በእነሱ ስልት ከጻፋቸው ጋር ቀላቅለው 1,634 ሰዎችን «የሰው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። ትክክለኛው መልስ 46.6 በመቶ ብቻ ነበር፤ እንዲያው በዕድል ቢገምቱ ይሻላቸው ነበር። ሌሎች አንባቢዎችም ለማሽኑ ግጥሞች የበለጠ ነጥብ ሰጡ። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ገጣሚ አበቃለት ይላሉ። እኔ ግን ማሽኑ ያረከሰው ለስላሳውን ስንኝ ነው እላለሁ። የሚያሰጋኝ ስንኙ ሲረክስ ግጥም የሚወለድበት ልፋት አብሮ እንዳይቀር ነው።

አማርኛ ለቤት መምታት ለጋስ ቋንቋ ነው። ግስ ዓረፍተ ነገሩን ስለሚዘጋ ርባታው ራሱ ቤት ይመታል፤ «እመጣለሁ» ብሎ የጀመረ «እጠብቃለሁ»ንም «እናፍቃለሁ»ንም ሳይደክም ያገኛል። የሙያው ሰው ይህን ቀላል ቤት ይሸሻል። አንደኛው ስንኝ «ደጅ» ላይ ካረፈ «ልጅ» ይመጣል፣ «ወዳጅ» ይመጣል፣ «አዋጅ» ይመጣል፤ እያንዳንዱም ግጥሙን ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል። ደጅ ላይ ስለተቀመጠች እናት ሊጽፍ የተነሣ ሰው ልጇን ስለወሰደባት አዋጅ መጻፍ ይጀምራል። ሐሳቡ ከቤቱ በፊት አልነበረም፤ ቤት ሲፈለግ ተገኘ። ማሽኑ የሚሠራው ከዚህ ቀደም ከተጻፈው ብዛት ተነሥቶ ቀጥሎ የሚመጣውን በመገመት ስለሆነ፣ ካልተገፋ በቀር ብዙ ሰው የረገጠውን መንገድ ይዞ «ለሁ»ን በ«ለሁ» ላይ ይደራርባል። ልኬትም ይፈትነዋል። «የወል ቤት» የተባለው የግጥም ልኬት በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለትም የድምፅ ምት፣ ይጠይቃል፤ ቀለም የሚቆጠረው ደግሞ በጆሮ ነው። «ብርሃን» በጽሑፍ አራት ፊደል፣ በአፍ ግን ሁለት ቀለም ነው። ሳድሱ የት እንደሚዋጥ፣ የቱ ፊደል እንደሚጠብቅ ጽሑፋችን አያሳይም።

የዚህን ልፋት ዋጋ ቀድሞ የተረዳው የቅኔ ቤት ነው። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ እየሰማ ይጀምራል፤ ከዚያ ብቻውን ሆኖ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ያሰናዳል፤ ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይዘልቃል፤ የቆጠረውንም በመምህሩ ፊት አቅርቦ ይታረማል። የተባለ ቅኔ አይደገምም፤ ነገ ሌላ አዲስ ይጠበቅበታል። ዓላማው ቅኔ ማከማቸት ቢሆን ኖሮ ያማረውን መዝግቦ መደጋገም በቂ ነበር። ሥርዓቱ የሚያፈራው ባለቅኔውን ነው፤ ሰምና ወርቅን በአንድ ቃል ላይ የሚያገናኝ አእምሮ የሚሞረደው በዚያ ድካም ውስጥ ነው።

«ማሽኑ ነገ ይሻሻላል፤ ድምፅ እየሰማ ማጥበቅና ማላላቱንም ይለምዳል» ይባል ይሆናል። እንደሚለምድ አልጠራጠርም። ነገር ግን ቤቱን ሳይስት ቢመታ እንኳ ከ«ደጅ» ወደ «አዋጅ» የተጓዘው ማሽኑ ነው፤ ገጣሚው በዚያ መንገድ ሊያገኘው የነበረውን ሐሳብ አላገኘም። «ገጣሚም ከቀደሙት ይቀዳል» የሚለውም እውነት አለው። ሆኖም ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከወረሰው ልኬት ጋር ታግሎ በስሙ «የጸጋዬ ቤት» የተባለውን ልኬት አወጣ፤ ወራሽነቱ ከትግል አላዳነውም። ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ «አንባቢ የሚፈልገው ጥሩ ግጥም ነው፤ የገጣሚው ላብ ምን ያደርግለታል?» የሚለው ነው። የጥናቱ ባለቤቶች ግን አንባቢዎቹ የማሽኑን የመረጡት ቶሎ ስለገባቸው ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ቶሎ መግባት የመጨረሻው መለኪያ አይደለም፤ አድማጩም ወርቁን ፈልጎ ማውጣት አለበት። ሳይደከምበት የተጻፈ ሳይደከምበት እየተነበበ ከሄደ ገጣሚው ብቻ ሳይሆን አድማጩም ይዶለዱማል።

ማሽኑን ከጠረጴዛው ላይ እናባርረው አልልም። ለበዓል መልካም ምኞት፣ ለሠርግ ካርድ የሚሆነውን ስንኝ ይጻፍ፤ ከእጃችን ቢወጣ አይቆጨኝም። ለሙያውም አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ሰጥተነው ሁለተኛውን ሲሞላ እኛ ካሰብነው ጋር ከገጠመ፣ የእኛው የተለመደ ነበርና መሰረዝ አለበት። ለጀማሪ ግን ቅደም ተከተሉ ይጠበቅለት። መጀመሪያ ቤቱን ራሱ ይፈልግ፣ ጮክ ብሎ አንብቦ ቀለሙን በጆሮው ይቁጠር፣ ሰው ፊት ቆሞ ይታረም፤ ማሽኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ። የአማርኛ ግጥም ነገ የሚወሰነው ማሽኑ ምን ያህል ይጽፋል በሚለው አይደለም፤ እኛ ለአንድ ቤት ስንት ቀን ለመጨነቅ ፈቃደኞች ነን በሚለው ነው።