ጥቁሩ ዱቄት

ቡሬ ዙሪያ ሌሊት በቆሎውን ከጃርት የሚጠብቅ ገበሬ የእጅ ባትሪው ሲደክምበት ድንጋዮቹን አውጥቶ በማግስቱ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። ሲመሽ ጥቂት ያበሩለታል። ከንቱ እምነት አይደለም፤ እረፍቱና ሙቀቱ በውስጥ የቀረውን ኬሚካል ለጊዜው ያነቃቁታል።

እኔ የማደንቀው ግን ድንጋዩ ሲሰበር እጅ የሚያጠቁረውን ዱቄት ነው። አብዛኛው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው፤ የፖዘቲቩ ወገን ሥራ የእሱ ነው። ችግሩ፣ ማንጋኒዙ ብቻውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ መሆኑ ነው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሌክላንሼ እ.ኤ.አ. በ1866 ባትሪውን ሲሠራ ካርቦን የቀላቀለበት ለዚህ ነው። ዛሬ የሚጨመረው እንደ ጥላሸት የላመ ካርቦን ነው። እሱ ራሱ ኃይል አያመነጭም። በማንጋኒዙ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ እስከ መሀለኛው የካርቦን ዘንግ ድረስ ለኤሌክትሪኩ መንገድ ይከፍታል፤ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨዋማ ውኃም አቅፎ ያቆያል። በርበሬ ውስጥ እንደሚገባ ኮረሪማ ልክ አለው፦ ካነሰ ባትሪው ቶሎ ይደክማል፣ ከበዛ የማንጋኒዙን ቦታ ይሻማል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ የፎርድ ኩባንያ ተመራማሪዎች ቢስሙት የሚባል ንጥረ ነገር ጨምረውበት፣ አንዴ አልቆ ይጣል የነበረውን ማንጋኒዝ ደጋግሞ የሚሞላ አደረጉት። እንዲህ ያለ ብልሃት ከአዲስ ግኝት ይልቅ ያስገርመኛል።

ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጡት፤ እሳት ዳር ግን አታስጠጉት። የድንጋዩ የዚንክ ቆርቆሮ ሳስቶ ማዠት ከጀመረም ቶሎ አውጡት፤ ፈሳሹ የእጅ ባትሪያችሁን ይበላዋል።