እንጀራውን አይቶ ስለ ዱቄቱ የሚናገር ማሽን

«ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል» ይባላል። በዚህ ዘመን ግን ዓይንና አንደበት ብቻ ያለው ፈራጅ ወደ ግሮሰሪዎቻችን እየገባ ነው። ፎቶግራፍ ተመልክቶ በቃላት የሚያብራራውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማለቴ ነው። ባለሱቁ ዕቃውን በስልኩ ያነሳል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ስሙንና መግለጫውን ጽፎ ለኢንተርኔት ሽያጭ ያዘጋጅለታል። መሐንዲስ እንደመሆኔ የመሣሪያውን ጥቅም አልክድም፤ ብዙ መቶ ዕቃ አንድ በአንድ በእጅ መመዝገብ አድካሚ ሥራ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው።

ለሙከራ ያህል እዚህ ሆሎዌይ ካሉት የአበሻ ሱቆች ከአንዱ የታሸገ እንጀራ ገዛሁ። ጽሑፉ በማይታይበት በኩል ፎቶ አንስቼ ከእነዚህ ሞዴሎች አንዱን መግለጫ እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት። ከጤፍ የተሠራ፣ ግሉተን የሌለበት ባህላዊ የኢትዮጵያ እንጀራ መሆኑን አሳምሮ ጻፈልኝ። ከረጢቱን ገልብጬ ሳነብ ግን ከጤፉ ጋር ስንዴና ገብስ አለበት።

ለመሆኑ ማሽኑ ዋሸ? አልዋሸም። እንጀራ መሆኑን አይቷል፤ ጤፍ ብቻ መሆኑን ግን አላየም፣ ስለ እንጀራ ከተጻፈው ወስዶ ሞላው። በ2021 ይፋ የሆነው ክሊፕ የተባለው ሞዴል የሠለጠነው ከኢንተርኔት በተሰበሰቡ 400 ሚሊዮን የሥዕልና የጽሑፍ ጥንዶች ነው። እንዲህ ያለው ሥልጠና የትኛው ቃል ከየትኛው ሥዕል ጋር እንደሚሄድ ያስተምራል እንጂ ሊጡ ውስጥ ምን እንደገባ አያስተምርም። ጤፍ በተወደደበት በስደት አገር እንጀራ በስንዴና በገብስ እንደሚጋገር ደግሞ ማንኛዋም ጋጋሪ ታውቃለች።

በ2019 የፌስቡክ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ዕቃ ለይተው የሚያውቁ ሥርዓቶች በድሃ አገሮች ቤቶች ያሉትን ዕቃዎች ሲለዩ ይበልጥ እንደሚሳሳቱ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቻችን «የአፍሪካ ፎቶ ይጨመርላቸው» እንላለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በበኩሌ ግን ግማሽ መልስ ብቻ ይመስለኛል። የእኔ ማሽን የተሳሳተው እንጀራን ስላላወቀ ሳይሆን ስላወቀ ነው። ባያውቀው ኖሮ ስለ ጤፍ ባላወራም ነበር።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሴሊያክ የተባለ የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው ያንን መግለጫ አምኖ ቢበላ ይታመማል። ናታሻ የተባለች የ15 ዓመት ልጅ በ2016 ከሒትሮው አውሮፕላን ማረፊያ የተገዛ ሳንድዊች በልታ ሞታለች፤ የገደላት ዳቦው ሊጥ ውስጥ የተጋገረ፣ ለዓይን የማይታይ ሰሊጥ ነበር። በስሟ የሚጠራው ሕግ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ በሽያጭ ቦታው ተዘጋጅቶ የሚታሸግ ምግብም ሙሉ ዝርዝሩ እንዲጻፍበት ያስገድዳል። ፎቶ ብቻ ያየ ማሽን ይህን ዝርዝር ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ስሙንና ዓይነቱን ማሽኑ ይጻፍ፤ የተሠራበትን ነገር ግን ከጋጋሪው መዝገብ ካልተገኘ ባዶውን ይተወው። ለሸጠው ምግብ የሚጠየቀው ነጋዴው ነው፤ «ማሽኑ ነው የጻፈው» ማለት አያድነውም።

ሱቁ ተመልሼ፣ «እትዬ፣ ሌላኛው እንጀራ ንጹሕ ጤፍ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ቆይ ወንድሜ፣ የጋገረችውን ደውዬ ልጠይቅልህ» አሉኝ። አንደበተ ርቱዑ ማሽን ያልተማረው ይህንን ነው።

ቸር ይግጠመን።