ፎጣውን የያዘ እጅ

«ኮች፣ ማናጀሬም እርስዎ ይሁኑልኝ።»

ይህን ያለኝ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ነው፤ ከአየር ጤና ወረድ ብሎ ባለችው የልምምድ ግቢያችን፣ የእጁን ፋሻ እየፈታ። ውጭ አገር የፕሮፌሽናል ግጥሚያ አገኝልሃለሁ የሚል ሰው መጥቶበታል፤ የሚፈረም ወረቀትም ሰጥቶታል። ልጁ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከቶ ሦስት ቀን ዞረ። በአራተኛው ቀን ለኔ አቀበለኝ። «ሌላ ሰው አላምንም። ውሉንም ገንዘቡንም እርስዎ ይያዙልኝ፤ የሚገባዎትን ይውሰዱ» አለ።

ከልቤ ደስ አለኝ። መልሴ ግን «አይሆንም» ነበር። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ የናቅኩት መሰለው። ያን ምሽት ምክንያቱን ልነግረው አልቻልኩም። ዛሬ ልንገረው፤ እግረ መንገዴንም ለሙያ ጓደኞቼ።

ጃብ እንዴት እንደሚጣል፣ ወገብ እንዴት እንደሚዞር አላወራም፤ በሙያው ያለ ያውቀዋል። የማወራው በሁለት ዙር መካከል ስላለችው አንዲት ደቂቃ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ስለ እሷ እያሰብኩ ነው ብል አላጋነንኩም።

60 ሰከንድ አለህ ይሉሃል፤ የለህም። ልጁ መጥቶ እስኪቀመጥና ተነስቶ እስኪወጣ ያለው ሲቀነስ በእጅህ የሚቀረው 40 ቢሆን ነው። እኔ ማየት የምጀምረው ሳይቀመጥ ነው፤ አረማመዱን። በርጩማውን በዓይኑ እየፈለገ የሚመጣ ልጅ ደክሟል። ተጋጣሚውን ዞር ብሎ እያየ የሚመጣ ገና ጉልበት አለው። ሲቀመጥ የጥርስ መከላከያውን አወጣለታለሁ፤ ከዚያ ዝም። ትንፋሹ እስኪመለስ አንድ ቃል አልናገርም፤ አየር የሚለምን ሰው ጆሮ የለውም። ውሃ ይጉመጠመጣል፣ ፊቱ ይደርቃል፣ ቅንድቡ ቫዝሊን ይቀባል። እብጠት ካለ ቀዝቃዛ ብረት እጫንበታለሁ፤ የሚያሸው ሰው እብጠቱን ያሰፋዋል። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እናገራለሁ፦ «ግራህን ስትመልስ ታወርዳታለህ።» ሁለት ምክር የሰጠኸው ልጅ ሁለቱንም ረስቶ ይነሳል። በመጨረሻ «ስንተኛው ዙር ነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። በትክክል ቢመልስ እንኳ የዘገየውን እቆጥራለሁ።

ይህ ሁሉ ለአንድ ውሳኔ ነው፤ ይነሳ ወይስ ፎጣ ተወርውሮ ይብቃው? ውሳኔው በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። ያን ጊዜ የልጁ አባትም እናትም ሐኪምም አንተ ነህ። ስለዚህ ያንን የሚወስን ሰው ልጁ በመነሳቱ የሚያገኘው ሳንቲም ሊኖረው አይገባም ባይ ነኝ። ፎጣውን የያዘ እጅ ገንዘብ አይቁጠር። በዚህ ጉዳይ ያማከረኝ ሁሉ ይህንኑ ሰምቷል፤ ያላማከረኝም ሰምቷል።

ጦር ኃይሎች፣ ባቡሩ መጨረሻ አካባቢ ካለች ቡና ቤት ተቀምጠን ከአንድ ወጣት አሰልጣኝ ጋር በዚሁ ነገር ግማሽ ቀን ተከራክረናል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ከኔ ይልቅ ያነብባል። «ጋሼ፣ በአሜሪካ ልማድ አሰልጣኝ ከቦክሰኛው ክፍያ ከመቶ 10 ያገኛል፤ ማናጀር እስከ አንድ ሦስተኛ ይወስዳል» አለኝ። «ልጁን ከጭቃ ያነሳሁት እኔ፤ ሦስት እጥፍ የሚወስደው ስልክ የያዘው ሰውዬ። ታዲያ ለምን ሁለቱንም እኔ አልሆንም?» ቀጥሎ ወደ ሩጫችን ወሰደኝ። በቆጂ ላይ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው አሰልጥነዋል። ልጆቹ ወደ አዲስ አበባ ክለቦች፣ ከዚያም ወደ ውጭ ማናጀሮች አለፉ። ከሽልማት ገንዘብ ላይ የሚቆረጠው ድርሻ ደግሞ የማናጀር እንጂ የመንደር መምህር ሆኖ አያውቅም።

ይህ እውነት ነው፤ ያማልም። አሰልጣኝ ይከፈለው፤ ደህና አድርጎ ይከፈለው። ግን ቁርጥ ያለ የወር ክፍያ ይሁን፤ ልጁ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም፣ ቢገጥምም ቢቀርም የማይለወጥ። ስለ ማናጀርም ክፉ አላወራም። ጥሩ ማናጀር ልጁ ያልደረሰበትን ተጋጣሚ እምቢ ይላል፣ ኪሎው በማይሆን ክብደት አያስፈርመውም፣ ለሐኪሙ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ያስጽፋል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በትራክ ላይ ሲነግሥ ልምምዱ በዶ/ር ወልደመስቀል ኮስትሬ እጅ፣ የውድድር ውሉ በሆላንዳዊው ጆስ ሄርመንስ እጅ ነበር። ሄርመንስም ራሱ ሯጭ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአንድ ሰዓት ሩጫ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነው፤ የሚያወራውን ያውቃል። አንዱ ሰዓት ያዘ፣ ሌላው ወረቀት ያዘ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ሁለቱን ዛፍ የወጡትን አይተናል። እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ ብሬንዳን ኢንግል የሚባል አሰልጣኝ የየመን ስደተኞች ልጅ የሆነውን ናሲም ሐመድን በ7 ዓመቱ ተቀበለው። አሰልጣኙም ማናጀሩም ሆነ፤ ልጁም እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በመካከላቸው የገንዘብ ነገር ገባ፤ በ1998 ተለያዩ። ሐመድ በ2001 በባሬራ የተሸነፈው በሌሎች አሰልጣኞች እጅ ነው፤ በፕሮፌሽናል ሕይወቱ ያች ብቸኛ ሽንፈቱ ናት። ኢንግል በ2018 ሲሞት በሁለቱ መካከል የቀድሞው ፍቅር አልተመለሰም ነበር። 16 ዓመት ያህል የተገነባ አባትና ልጅነት በሒሳብ ፈረሰ።

ማይክ ታይሰን ላይ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ገንዘቡ በአሰልጣኙ እጅ አልነበረም፤ በገንዘቡ ጠብ መካከል የተጨፈለቀው ግን አሰልጣኙ ነው። ያሳደገው ከስ ዳማቶ በ1985 ሞተ፤ ከማናጀሮቹ አንዱ ጂም ጄኮብስ በመጋቢት 1988 ተከተለ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ታይሰን ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ጣለ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን፣ የቀረው ማናጀርና ፕሮሞተሩ ዶን ኪንግ ሲጓተቱ፣ አሰልጣኙ ኬቨን ሩኒ ተባረረ። የካቲት 1990 ቶኪዮ ላይ፣ በበስተር ዳግላስ ቡጢ የታይሰን ዓይን ሲያብጥ፣ ማዕዘኑ ላይ የነበሩት ሰዎች ቀዝቃዛዋን ብረት አልያዙም። የላስቲክ ጓንት ውስጥ በረዶና ውሃ ጨምረው ዓይኑ ላይ ያንከባልሉ ነበር። በ10ኛው ዙር ወደቀ። ስለ ውል ጠብ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ እኔ የማየው ያችን ጓንት ነው። ቢሮ ውስጥ የተደረገ ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚታየው በዚያች ደቂቃ ነው።

ወጣቱ አሰልጣኝ አልተረታም። «ኤዲ ፉችስ?» አለኝ። ልክ ነው። ጆ ፍሬዘርን በአሰልጣኝነት የያዘው ያንክ ደርሃም በ1973 ሲሞት ፉች አሰልጣኝነቱንም ማናጀርነቱንም ተረከበ። ጥቅምት 1 ቀን 1975 ማኒላ ላይ፣ ከዓሊ ጋር 14 ዙር ከተዋጉ በኋላ፣ የፍሬዘር ዓይኖች ሲደፈኑ፣ ልጁ እየለመነው ፉች 15ኛውን ዙር ከለከለው። የቀረው ሦስት ደቂቃ ነበር፤ የቀረው የዓለም ሻምፒዮንነት ነበር። ሁለቱን ሥራ ይዞ ፎጣውን አልረሳም። ይህን ስሰማ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። ከዚያ «ሕግ ለፉች አይወጣም፤ ለኔ ነው የሚወጣው» አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ልጅ ነበረኝ። በ12 ዓመቱ ነው የመጣው፤ ባዶ እግሩን፣ ከቤተል በኩል እየሮጠ። የግቢው ቁልፍ አንዱ በሱ እጅ ነበር፤ ጠዋት እኔ ሳልደርስ ከፍቶ፣ መሬቱን ውሃ ረጭቶ፣ አቧራውን አስተኝቶ ይጠብቀኛል። ሲያድግ አሰልጣኙም፣ ማናጀሩም፣ ገንዘብ ያዡም እኔ ሆንኩ። ማንም አልተቃወመም፤ እኔም ትክክል መሰለኝ። ከአገር ውጭ የስድስት ዙር ግጥሚያ አገኘሁለት። ክፍያው በጊዜው ለኛ ትልቅ ነበር። የግቢው ኪራይ ወራት ተጠራቅሞብኝ ስለነበር፣ ያንን ገንዘብ ሳይመጣ ተማምኜ ተበድሬበት ነበር። ለአሸናፊው ደግሞ ጭማሪ አለ።

ከአራተኛው ዙር በኋላ በርጩማውን በዓይኑ እየፈለገ መጣ። «ስንተኛው ዙር ነው?» አልኩት። «ሁለተኛው» አለኝ።

ፎጣው ትከሻዬ ላይ ነበር። አውቄያለሁ። ማንኛችሁም ታውቁ ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው የልጁ ስም አይደለም፤ አንድ ቁጥር ነው። የዕዳው ቁጥር። «ሁለት ዙር ብቻ ነው የቀረህ፤ ተነስ» አልኩት። ተነሳ። እሺ የማይለኝ ነገር አልነበረም።

መንጋጋው ተሰበረ። ስድስት ሳምንት አጥሚት በቀጭን ቱቦ ጠጣ፤ እናቱ ስትሠራለት እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ቃል አጣሁ። እሱ አልወቀሰኝም። ሲድን አንድ ጠዋት መጣና ፋሻዎቹን አጥቦ፣ ጠቅልሎ፣ ከግቢው ቁልፍ ጋር በርጩማው ላይ አስቀመጠልኝ። «ኮች፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከሌላ አሰልጣኝ ጋር መሥራት ጀመረ፤ ማናጀርም ያዘ።

ለዓመታት ለጠየቀኝ ሁሉ «ማናጀር ነጠቀኝ» እያልኩ አወራሁ። ሰውም አመነኝ፤ እንዲህ ያለውን ታሪክ ለማመን ሁላችንም ዝግጁ ነን። የነጠቀኝ ግን አልነበረም። ያ ሰው የመጣው ቁልፉ በርጩማው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ይህን ለራሴ ያመንኩት የኔልሰን ማንዴላን የሕይወት ታሪክ ሳነብ ነው። ማንዴላ የኛ የኮልፌ እንግዳ እንደነበር እዚህ ሰፈር የማያውቅ የለም። በ1954 ዓ.ም. ክረምት በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር፣ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሥር ወታደራዊ ትምህርት ተማረ። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ ወደ አገሩ ተጠራ። ቦክሰኛ እንደነበር ግን ብዙ ሰው አያስታውስም። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በአገሩ፣ ኦርላንዶ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ማዕከል ይሠለጥን ነበር። አሰልጣኛቸው ስኪፐር ሞሎትሲ የቀድሞ ሻምፒዮን ነበር፤ ቁጡ ግን የሚከበር። አንድ ቀን ቦክሰኞቹ አደሙበት። ስብሰባ ተጠራ፤ አሰልጣኙ ቅሬታቸውን ሰምቶ እንደ መመለስ የቄሣርንና የብሩተስን ክህደት አነሳባቸው። ተለያዩ። ማንዴላም ከአሰልጣኙ ከተለዩት ወገን ነበር።

እዚያ ገጽ ላይ ቆምኩ። እኔም ቄሣር ነኝ እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ! ግን ማንዴላን ያህል ሰው ከአሰልጣኙ ተለየ ብዬ ከዳተኛ ልበለው? ቦክሰኛ ሲሄድ መጀመሪያ «ማን ወሰደው?» እንላለን። «ምን አይቶ ሄደ?» የሚለው ጥያቄ ይከብዳል፤ መልሱ ብዙ ጊዜ እኛው ግቢ ውስጥ ስላለ።

ልጄ፣ «አይሆንም» ያልኩህ ስለዚህ ነው። ወረቀቱን ይዘን ሕግ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ሄድን፤ መስመር በመስመር አነበበልን። ለሐኪሙ ማን ይከፍላል? ተጋጣሚውን ማን ይመርጣል? ብትጎዳስ? ይህን ሁሉ ሰውየው መለሰ፤ ክፉ ሰው አይመስልም። እኔ አንዲት መስመር ብቻ እንድትጨመር ጠየቅሁ፦ አሰልጣኙ ማንንም ሳያስፈቅድ ግጥሚያውን ማቆም ይችላል፣ የአሰልጣኙም ክፍያ በውጤቱ አይለወጥም። ሰውየው «ላስብበት» ብሏል። እስኪያስብ አንፈርምም።

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስደርስ ልጁ ገመድ እየዘለለ ነበር። መሬቱ አቧራ ነበር፤ ውሃ ረጨሁለት። ከዚያ ፎጣዋን አጥቤ አጥሩ ላይ አሰጣኋት። ሲሄድ ያችን የድሮ ቁልፍ ሰጠሁት።