ጀግናው ማን ነው?

ልጆቻችን ከመድረሳ ሲመለሱ በታላቅ ወንድም ስልክ ላይ ተሰብስበው የሚያዩትን አስተውላችኋልን? ወረታ ውስጥ እኔ ያየሁት ዓይኑ የሰፋ፣ ፀጉሩ የቆመ፣ በአንድ ቡጢ ተራራ የሚንድ የጃፓን ጀግና ነው። የእነዚህ ብዙዎቹ ምንጭ ጃፓኖች «ማንጋ» የሚሉት በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ነው። እኔም ስልኩን ነጥቄ እቆጣ ነበር።

ሆኖም ሳይመረምሩ መፍረድ ተገቢ አይደለምና ከማንጋ መጻሕፍት አንዱን በዐረብኛ ትርጉሙ አነበብሁ። «ባዶ እግሩ ጌን» ይባላል። ደራሲውና ሠዓሊው ናካዛዋ ኬጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በሂሮሺማ ላይ አቶም ቦምብ ሲጣል የ6 ዓመት ልጅ ነበር። አባቱን፣ እኅቱንና ታናሽ ወንድሙን በዚያ ቀን አጣ። ይህን ሐዘኑን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሥዕል ተረከው።

የመጽሐፉ ጀግና ሕፃኑ ጌን አይበርም፤ እሳትም አይተፋም። ይራባል፣ ይሰደባል፣ እናቱን ይጦራል። አባቱ ጦርነትን በመቃወሙ ጎረቤት ያገለዋል፤ እርሱ ግን ልጆቹን፣ በክረምት ተረግጦ ሥሩን እንደሚያጠነክር የስንዴ ቡቃያ እንዲሆኑ ይመክራል። ይህን ሳነብ የፎገራ ገበሬ ታወሰኝ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ ሌላውን እህል በሚያጠፋው ውኃ ውስጥ ቆሞ ሩዝ ያበቅላል። ሶብር ማለት ይህ አይደለምን?

መጽሐፉ እንከን የለሽ ነው አልልም። ጌን ሲናደድ እጁ ይቀድማል፤ የተቃጠሉ ሰዎች ሥዕልም ለትንሽ ልጅ ይከብዳል። ለእናቱ ብሎ ከሰው ኩሬ ዓሣ የሚሰርቅበት ገጽም አለ። የሂሮሺማ ከተማ ትምህርት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2023 መጽሐፉን ከሰላም ትምህርት መማሪያው ሲያወጣ፣ ይህ ገጽ ተማሪን ያሳስታል የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር።

እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ስርቆት ሐራም ነው። ነገር ግን ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) በረሃቡ ዘመን የስርቆትን ቅጣት እንዳቆሙ ለልጆቻችን እናስተምር የለምን? እንዲህ ያለውን ገጽ ከልጅ ጋር ተቀምጦ ማንበብ እንጂ መደበቅ አይበጅም።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ብርቱ ሰው ታግሎ የሚጥለው ሳይሆን፣ በቁጣው ጊዜ ነፍሱን የሚገዛው መሆኑን አስተምረዋል። በዚህ ሚዛን ተራራ የሚንደው ጀግና ይቀላል፤ የተራበው ጌንም፣ እጁን መሰብሰብ ሲያቅተው፣ ጎድሎ ይገኛል። ስልኩን የነጠቅሁት እኔስ?

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ከመንጠቃችን በፊት ከልጁ አጠገብ እንቀመጥና «ጀግናው ማን ነው? ለምን?» ብለን እንጠይቀው። መልሱ የሚያስፈልገው ለእርሱ ብቻ አይደለም።

ወላሁ አዕለም።